ነጻ ነዎት

«ከኮሮና» ብዬ ነበር ወይስ አላልኩም? ይህን ጥያቄ እስከ ዛሬ መመለስ አልቻልኩም። ሌላው ሁሉ ትዝ ይለኛል። የቆምኩት በጤና ጣቢያው ጓሮ፣ አጥሩ ጥግ ካለው ባሕር ዛፍ ሥር ነው። የያዝኩት የክፍላችን ስልክ ጀርባው በቁስል ፕላስተር የታሸገ ነው። ያን ሰሞን ማንም ጋ ሲደወል ከጥሪው በፊት እጃችሁን ታጠቡ የሚል ምክር ይመጣ ስለነበር እሱን እስከ መጨረሻው ሰምቻለሁ። ከዚያ የቲቢ በሽተኛዬ የሆኑት ሽማግሌ አነሱ፤ «ውጤትዎ መጥቷል፣ ነጻ ነዎት» አልኳቸው። ወይም «ከኮሮና ነጻ ነዎት» አልኳቸው። ልዩነቱ አንድ ቃል ነው። እኔ ደግሞ በአንድ ቃል ከሰው የምጣላ ሴት ነኝ።

ፊደል የቆጠርኩት ዘግይቼ ነው። አንደኛ ክፍል ስገባ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር፤ ቀን ሰው ቤት እየሠራሁ፣ ማታ ቀበና ወንዝ ማዶ ባለ ትምህርት ቤት ጉልበቴ ከልጆች ዴስክ ጋር እየተጋጨ። ሌላው በልጅነቱ ሳያውቀው የገባለትን እኔ ተስቆብኝና ተናድጄ ነው ያገኘሁት። ስለዚህ የተጻፈ ነገር ተበላሽቶ ሳይ ዝም ብሎ ማለፍ አይሆንልኝም። ነርስ ሆኜ የቲቢ ክፍል ስመደብ በሩ ላይ «የቲቢ ሕክምና በነፃ ይሰጣል» የሚል ወረቀት ተለጥፎ አገኘሁ። በጸሎቱ «ጸ» እንጂ በፀሐዩ «ፀ» አይጻፍም ብዬ ከመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ጋር ሳምንት ሙሉ ተነታረክን።

«ሲስተር፣ በሽተኛው የሚያስለው በጸሎቱ ነው በፀሐዩ?» አለኝ። ኮሪደሩ በሙሉ ሳቀ።

ወረቀቱን ገንጥዬ በራሴ እጅ ጽፌ ለጠፍኩ። ለፊደሉ ያን ያህል የተጨነቅኩት እኔ ቃሉ ስንት ነገር እንደሚሸከም አንድም ቀን አላሰብኩም።

የቲቢ ክፍል ሥራ ሲያዩት ቀላል ነው። በሽተኛው በየማለዳው ይመጣል፣ ኪኒኑን ፊቴ ይውጣል፣ እኔ ካርዱ ላይ በዚያ ቀን ሣጥን ውስጥ ምልክት አደርጋለሁ። ስድስት ወር እንዲህ ነው። ጉሮሮ ሲንቀሳቀስ ሳላይ ምልክት አድርጌ አላውቅም ነበር፤ ምላስዎን ያንሱ፣ ጉንጭዎን ያሳዩኝ እላለሁ። በሽተኞቹ በዚህ ይጠሉኝ ነበር፤ «ፖሊሷ» እንደሚሉኝ ከጥበቃው ሰምቻለሁ። እኔም አልወደድኳቸውም። መውደድ የሥራዬ አካል ነው ያለኝ ሰው አልነበረም።

ሽማግሌው የሚኖሩት ወደ እንጦጦ ማርያም በሚወጣው ዳገት ወገብ ላይ ነው። ድሮ ገበሬ ነበሩ። ሲ.ኤም.ሲ ሰፈር ያርሱት የነበረው መሬት ዛሬ ቪላ ተሠርቶበታል፤ እሳቸው ከቪላዎቹ የአንዱ ዘበኛ ሆነዋል። ይህን በመጀመሪያው ቀን የነገሩኝ ሊያዋዩኝ ብለው አይደለም፤ ማን ፊት ተቀምጬ እንዳለሁ እንዳውቅ ነው። «እኔን አፍህን ክፈት የምትይኝ ልጅ ነኝ እንዴ?» አሉ ኪኒኑን ስሰጣቸው። «አባባ፣ ምላስዎን ያንሱ» አልኳቸው። አነሱ፤ ዐይናቸውን ግን ከዐይኔ አላነሱም። ሲወጡ በኦሮምኛ የሆነ ነገር አጉተመተሙ። ከገባኝ የገባኝ መልካም አልነበረም።

በሁለተኛው ሳምንት ሴት ልጃቸውን አስከትለው እየተንቀጠቀጡ መጡ፤ ሽንታቸው ቀልቷል። ደሜን ነው የምታፈሽው አሉኝ። ኪኒኑ ሽንት እንደሚያቀላ አስቀድሜ ነግሬያቸው ነበር፤ ማንም አልነገረኝም አሉ። ልጃቸው፣ ሠላሳ ዓመት ያለፋት የልብስ ሰፊ፣ እዚያው ግድግዳውን ተደግፋ፣ «ነግረውሃል አባዬ፤ እኔም እዚህ ነበርኩ፤ ድሮስ መቼ ትሰማለህ?» አለችና ሳቀች። እኔም ፈገግ አልኩ። ያ ሳቅ በኋላ የሚጠቅመኝ ቀን እንደሚመጣ አላወቅኩም።

በዚያ ቤት አንዲት የአራት ዓመት ልጅ አለች፣ የልብስ ሰፊዋ ልጅ። አልጋው አንድ ስለሆነ ከአያቷ ጎን ነው የምትተኛው። ሳል ያለበት ሰው አጠገብ የሚያድር ሕጻን መከላከያ ኪኒን መውሰድ አለበት፤ ይህን ለእናትየው ነገርኳት፣ እሺ አለች፣ ላመጣት ነው አለች። ልታመጣት ነው ሲባል ኮሮና ገባ። የሕጻናቱ መከላከያ መምጣት አቆመ። ከዚያ በኋላ ያችን ልጅ የሚጠብቃት የአያቷ ኪኒን ብቻ ሆነ፤ እሳቸው ከዋጡ አያስተላልፉም፣ ካቋረጡ በየሌሊቱ ፊቷ ላይ ይስላሉ። ይህን ከእኔ በላይ የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

ኮሮና ሲገባ መጀመሪያ የተወሰደው ክፍላችን ነው፤ የበረኪናና የጓንት መጋዘን ሆነ። ማስኮቻችን ወደ ኮሮናው ድንኳን ሄዱ። እኔ ከጠረጴዛዬና ከካርዶቼ ጋር ባሕር ዛፉ ሥር ተጣልኩ። በር ላይ ቴርሞሜትር ይዞ የቆመው ጥበቃ የሚያስለውን ሁሉ መመለስ ጀመረ፤ የእኔ በሽተኞች ደግሞ ሥራቸው መሳል ነው። ጮህኩበት። «ሲስተር፣ አንቺ ብትሞቺ ችግር የለም፣ እኔ ልጆች አሉኝ» አለኝ።

ቀጥሎ ትእዛዝ መጣ፤ ለእያንዳንዱ በሽተኛ የወር ኪኒን ቤቱ ይሰጠው፣ ክትትሉ በስልክ ይሁን። ምክንያቱ ይገባኛል፤ ሰው ተጨናንቆ እንዳይቆም ነው። ግን ጉሮሮ በስልክ አይታይም ብዬ ኃላፊዋ ቢሮ ገባሁ። ቀና ብላም አላየችኝም። «ሰው እየሞተ ነው፤ አንቺ ስለ ምልክት ታወሪያለሽ» አለችኝ። የእኔዎቹም ሰዎች ናቸው ብዬ ወጣሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ «ዋጡ?» እላለሁ፣ «ዋጥኩ» ይሉኛል፣ በጆሮዬ ምልክት አደርጋለሁ። ምልክት ባደረግኩ ቁጥር የሐሰት ፊርማ የፈረምኩ ያህል እጄ ይከብደኝ ነበር።

ቤትም ቤት አልነበረም። አከራዬ የሥራ ቦታዬን ስለምታውቅ በዋናው በር መግባት ከለከለችኝ፤ በጓሮ በር ስገባ ከተረከዜ ሥር በረኪና ትደፋለች። ቧንቧው አጠገብ የራሴ ጀሪካን ተለይቶ በቀይ ጨርቅ ታስሯል። በረኪናው ያስለኛል፤ ሳስል ደግሞ «ይኸው!» ትላለች። መገናኛ ታክሲ ውስጥ አንድ ቀን እንዲሁ አሳለኝና ከጎኔ የነበሩት ሁለት ሰዎች ሳይደርሱ ወረዱ። በዚያ ጊዜ ለማንም ያዘንኩ አይመስለኝም።

ሽማግሌውን አሠሪያቸው ሲያስሉ ሰማቸው። ቪላው ውስጥ ያሉት ሰዎች ነጻ የሚል ወረቀት ካላመጣህ በዚህ በር እንዳትገባ አሏቸው። ድንኳናችን መጥተው ናሙና ሰጡ። ውጤቱ ሲመጣ የእኔ በሽተኛ ስለሆኑ እኔ እንድነግራቸው ተሰጠኝ። ያኔ ሁለት ወር ከምናምን ኪኒን ወስደው ነበር፤ ሳሉም ሊተዋቸው ተቃርቦ ነበር።

ደወልኩ። ያልኩትን አልኩ። ማስክ አድርጌ ነበር፣ በማስኩ ላይ የፊት መከለያ፤ ድንኳኑ ጋ ሰው ይጮህ ነበር። ራሴን ያመኝ ነበር፤ ጧት የጀመረኝ ብርድ ብርድ ማለት ቀትር ላይ ትኩሳት ሆኗል። ይህን ሁሉ የምዘረዝረው ምክንያት ለመደርደር አይደለም። ምናልባትም ለመደርደር ነው። ሽማግሌው የመለሱልኝን ግን አስታውሳለሁ፤ «አምላክ ይመስገን» አሉና ከእኔ ጋር ከተዋወቁ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ መረቁኝ።

በማግስቱ ኮሮና ይዞኝ ወደቅኩ። ከወር በላይ ከአልጋ አልተነሣሁም። አከራዬ ምግብ በር ላይ አስቀምጣ ሦስቴ ታንኳኳለች፤ ድምፄን መስማት እንኳ አትፈልግም ነበር። በእኔ ቦታ የተተካ ሰው አልነበረም። ካርዶቹ መሳቢያዬ ውስጥ፣ ቁልፉ የቦርሳዬ ኪስ ውስጥ ነበሩ። ስመለስ መሳቢያውን ከፈትኩ። ሌሎቹን እየደወልኩ አንድ በአንድ አገኘኋቸው፤ የሽማግሌው ስልክ ዝግ ነው። ካርዳቸው ላይ ከደወልኩበት ቀን ወዲህ ያሉት ሣጥኖች በሙሉ ነጭ ናቸው።

ዳገቱን በእግሬ ወጣሁት። ሳምባዬ ገና አልዳነም ነበርና በየመታጠፊያው እየቆምኩ። ቤቱ ሳልደርስ ሳላቸውን ሰማሁ። ልጃቸው ደጅ ላይ በሲንጀሯ የጨርቅ ማስክ ትሰፋለች፤ ሕጻኗ ከሥሯ ቁርጥራጩን እየለቀመች ዐይኗ ላይ ታስራለች። የኪኒኑ ፌስታል ግድግዳው ላይ በሚስማር ተሰቅሏል። አወረድኩት፤ ሞልቷል።

«ነጻ ነዎት አላሉትም እንዴ?» አለች ልጃቸው። «ስልኩን እንደዘጋ በኦሮምኛም በአማርኛም ነው የነገረን፤ ነጻ ወጣሁ አለ። የነጻ ሰው መድኃኒት ምን ያደርጋል?»

ሽማግሌው ከውስጥ ወጡ። ቀበቷቸው ሁለት ቀዳዳ ወደ ውስጥ ገብቷል። እናም እኔ፣ ጉሮሮ ሳላይ ምልክት የማላደርገው፣ ለማሰብ እንኳ ትንፋሽ ሳልወስድ፣ «እኔ ያልኩት ከኮሮና ነጻ ነዎት ነው፤ አልሰሙም እንጂ» አልኩ።

ሽማግሌው ወደ እኔ ዞሩ። «እንዲህ አልሽ?»

«አልኩ።»

ልጃቸው ማስኩን ጭኗ ላይ ጣለችው። «አባዬ፣ ልጄን ልትገድላት ነው? አንድ ቀን እንኳ የተባልከውን ብትሰማ ምን አለ?» ሽማግሌው ሕጻኗን ከሥሯ አንሥተው ሊታቀፉ እጃቸውን ዘረጉ፤ እናትየው ልጅቷን ወደ ራሷ ጎተተች።

ጤና ጣቢያ ተመልሼ ካርዱ ላይ በምርጥ የእጅ ጽሑፌ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፤ «ታካሚው የተሰጠውን መመሪያ ባለመስማት ሕክምናውን በራሱ ፈቃድ አቋርጧል።» ኃላፊዋ ሳታነብ ፈረመችበት። አንድም የፊደል ግድፈት የለበትም።

አክታቸው ተመረመረ፤ በሽታው ተመልሷል። ሕክምናው ከዜሮ ተጀመረ። ሌሎቹ በሽተኞች የወር ኪኒን ይዘው ሲሄዱ እሳቸው በጻፍኩት ምክንያት እምነት ስለማይጣልባቸው በየቀኑ ዳገቱን ወርደው እኔ ፊት መዋጥ ነበረባቸው። የዘበኝነት ሥራቸውም ቀረ። ይመጣሉ፣ ሳልጠይቃቸው አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ምላሳቸውን ያነሣሉ፣ ይሄዳሉ። ቃል አይወጣቸውም። እኔም ደህና አደሩ ማለቱን ተውኩት። ጠላትነታችን ሥርዓት ያዘ።

ወራት አልፈው የሕጻናቱ መከላከያ ኪኒን መጣ። ለልጃቸው ደወልኩ። አላመጣትም አለች። ልጅቷ አታስልም፣ ክብደቷም ደህና ነው፣ የሚሰጣት እንዳትታመም ነው ብዬ አስረዳኋት።

«ሲስተር፣ እኔ ለልጄ ያንን ኪኒን አልሰጥም» አለች። «አባቴ ድሮ ግትር ነበር እንጂ ደንቆሮ አልነበረም። ኪኒኑን ከጀመረ ወዲህ ነው ጆሮው የጠፋው። እርስዎ ራስዎ አይደሉ አልሰሙም ያሉን? ጎረቤታችንም ድሮ የሳምባ መርፌ ተወግታ ደንቁራለች። እሱን ያደነቆረውን ለልጄ ልስጥ?»

ያኛው መርፌ ሌላ መድኃኒት ነው፣ ይህኛው ጆሮ አይነካም አልኳት። «ታዲያ ለምን አልሰማም?» አለችኝ። መልሱን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ወይም ደግሞ አላውቀውም፤ ሁለቱም እውነት ነው። ኔትዎርክ ተቆራረጠብኝ ብዬ ዘጋሁት። ስድስት ሳምንት እንዲሁ አለፈ። ኪኒኑ በልጅቷ ስም መሳቢያዬ ውስጥ ተቀምጧል፤ ልጅቷ ዳገቱ ላይ፣ መዳን በጀመረ ግን ባልጨረሰ ሽማግሌ ጎን ታድራለች።

አንድ ማለዳ ሽማግሌው ኪኒናቸውን ውጠው ምላሳቸውን ካሳዩኝ በኋላ አልሄዱም። ባርኔጣቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ጫፍ ላይ አስቀመጡ።

«ሲስተር» አሉኝ፣ «ጆሮዬን እዪልኝ።»

ምን ሆኑ አልኳቸው። ቤት ውስጥ ሁሉም ይጮሁብኛል አሉ። ሕጻኗ እንኳ ስታናግራቸው ጆሯቸው ሥር መጥታ ትጮሃለች፤ እናቷ ስታደርግ አይታ ነው። መጀመሪያ ተናደዱ፤ አሁን ግን እንጃ፣ ሰው ሁሉ ካለ እውነት ይሆናል ብለዋል። «ያን ቀን የተናገርሽውን ካልሰማሁ ሌላም ያልሰማሁት ብዙ ይኖራል» አሉ። ንዴት አልነበረበትም። ንዴት ቢኖርበት በቻልኩት ነበር።

መብራቱን ይዤ ሁለቱንም ጆሮ አየሁ፤ ንጹሕ ነው። ከዚያ ጀርባቸው ቆምኩና፣ አንድ ክንድ ያህል ርቄ፣ በሹክሹክታ የምለውን እንዲደግሙልኝ ነገርኳቸው። «እንጨት» አልኩ። «እንጨት» አሉ። «ወተት።» «ወተት።» «ቁልፍ።» «ቁልፍ፤ እንደ ሕጻን ታጫውቺኛለሽ እንዴ?» ጨርሼ ነበር፤ ሌላ ቃል አያስፈልገኝም ነበር። ለምን እንዳልኩት አላውቅም፤ ከሁሉም ዝቅ ባለ ድምፅ «ነጻ» አልኩ።

ሽማግሌው ይህን አልደገሙም። ዞር ሳይሉ፣ «እሱንማ ያኔም ሰምቼዋለሁ» አሉ።

ባርኔጣቸውን አነሡ። ጆሮዎ ደህና ነው አልኳቸው። ደህና ከሆነ ታዲያ ለምን አልሰማሁም ብለው እንዲጠይቁኝ ጠበቅኩ፤ አልጠየቁኝም። ዱላቸውን ይዘው ወጡ።

በማግስቱ ቅዳሜ ካርዱን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ዳገቱን ወጣሁ። ሽማግሌው ደጅ አግዳሚው ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ፤ በአንገት ብቻ ሰላም አሉኝ። ልጃቸው ማስክ መስፋቱን ትታ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ጀምራ ነበር። ውስጥ ገባሁና ሲንጀሯ አጠገብ ቆምኩ። ቁጭ በዪ አላለችኝም።

«የአባትሽ ጆሮ ደህና ነው» አልኳት። «ትናንት ሞክሬዋለሁ። ሹክሹክታ ይሰማሉ። ኪኒኑ ምንም አላደረጋቸውም።»

«ታዲያ ለምን...»

«ያን ቀን ‹ከኮሮና› ብያቸው እንደሆነ አላውቅም። ብያለሁ ብዬ የተናገርኩት እርግጠኛ ሆኜ አይደለም። ፈርቼ ነው። አላልኩም ይሆናል።»

የሲንጀሩን ጎማ በመዳፏ ይዛ አቆመችው። ካርዱን ሰጠኋትና የጻፍኩበትን መስመር በጣቴ አሳየኋት። ጮክ ብላ አነበበችው፤ «በራሱ ፈቃድ» የሚለው ላይ ስትደርስ ደግማ አነበበችው። ከውጭ የአግዳሚው እንጨት ሲጢጥ አለ።

«አንቺ» አለችኝ። እስከዚያ ቀን እርስዎ ነበርኩ። «ስንት ወር አባቴን ደንቆሮ አስባልሽው። እኔ ልጁ፣ በገዛ አፌ። እንዲህ ልትጽፊ ነው የተማርሽው?»

የማታ ትምህርት ቤት ከሳቁብኝ ልጆች አንዳቸውም እንዲህ አድርገው አልመቱኝም። ካርዱን አስተካክለዋለሁ፣ እንዴት እንደሆነም እጽፋለሁ አልኳት። አጻጻፍሽ ለራስሽ አለችኝ። ከዚያ ካርዱን አጥፋ ሳትመልስልኝ ጭኗ ላይ አደረገችው። ሕጻኗ በሩ ሥር ቆማ ሁለታችንንም ታየናለች።

«ኪኒኑ መጥቷል?»

«መጥቷል። በስሟ አስቀምጫለሁ።»

«ሰኞ አመጣታለሁ። ላንቺ ግን አይደለም። ሌላ ሲስተር ትስጣት። ያንቺን እጅ ልጄ አጠገብ እንዳላየው።»

እሺ አልኩ። ካርዱን ከጭኗ ላይ ወረወረችልኝ፤ ወለል ላይ ወደቀና ጎንበስ ብዬ አነሣሁት። ልወጣ ስል፣ ወደ በሩ ዞራ፣ ቤቱ ሁሉ በለመደው በዚያ ጩኸት፣ «አባዬ! አባዬ፣ ና እስቲ!» አለች።

ከአግዳሚው ላይ ሽማግሌው ቀስ ብለው መለሱላት።

«አትጩኺ፤ እሰማለሁ።»